ያልጨረሱትን መጽሐፍ እንዴት ያወሩታል? ለሳይንስ ፊክሽን አንባቢ የሚሆን መመሪያ

«ምን እያነበብሽ ነው?» ስንባል ብዙዎቻችን ርዕሱን እንጠራና «አሪፍ ነው» ብለን እናልፋለን። ወይም «ገና አልጨረስኩትም» እንላለን፤ እሱም ጥያቄውን መሸሻ ነው። ወሬው እዚያው ይሞታል።

መጽሐፉ ሳይንስ ፊክሽን ከሆነ ነገሩ ይብሳል። መቶ ገጽ አንብባችሁም ማን ሰው፣ ማን ማሽን እንደሆነ ላይለይላችሁ ይችላል። የከተማው ስም ግራ፣ የዘመን አቆጣጠሩ ግራ፣ ሰዎቹ የሚበሉት እንኳ ግራ። በዚህ መሀል «እንዴት ነው መጽሐፉ?» የሚል ሰው ሲመጣ አንዳንዱ ዝም ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቸኩሎ ይፈርዳል።

እኔ ግን በመሀል ያለ አንባቢ የሚያወራውን ከጨረሰ ሰው ወሬ አስበልጬ እወዳለሁ። የጨረሰ ሰው ሁሉ «እኔማ ገና ከመነሻው ገብቶኝ ነበር» ባይ ነው። በመሀል ያለው ይገምታል፣ ይጠራጠራል፣ ከደራሲው ጋር ይነታረካል። ችግር የሚመጣው ምስክርነቱን ትቶ ዳኛ ልሁን ሲል ነው። ያየውን፣ የተሰማውንና የገመተውን ይናገር። ፍርዱ ይደርሳል።

ለምሳሌነት አንድ መጽሐፍ ይዤ እሄዳለሁ፤ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የኤች ጂ ዌልስን «የዓለማት ጦርነት»። ከማርስ የመጡ ፍጡራን እንግሊዝን ሲወሩ የሚተርክ ነው። በ1897 በመጽሔት በተከታታይ ወጣ፤ በ1898 በመጽሐፍ ታተመ። የመረጥኩት አጭር ስለሆነና ፕሮጀክት ጉተንበርግ በተባለው የቆዩ መጻሕፍት ድረ ገጽ በእንግሊዝኛ በነፃ ስለሚገኝ ነው። መጨረሻውን አልናገርም። ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

1. የት እንደደረሳችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ

ከአስተያየቱ በፊት ቦታው ይቅደም። የገጽ ቁጥር ብዙ አይረዳም። አንዱ ፒዲኤፉን በስልኩ ያነባል፤ ሌላዋ ከአሮጌ መጽሐፍ ተራ የገዛችውን ይዛለች፤ ሦስተኛው ዓይኑ ስለሚደክም ፊደሉን አተልቆ ገጽ 600 ምናምን ላይ ደርሷል። ምዕራፍ ይሻላል።

ምዕራፍም ቢሆን ያሳስታል። «የዓለማት ጦርነት» ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው 17 ምዕራፍ፣ ሁለተኛው 10። በሁለተኛው ክፍል ቁጥሩ እንደገና ከ1 ይነሳል። ስለዚህ «ምዕራፍ 4 ላይ ነኝ» ያለች ልጅ በሁለት በጣም የተራራቁ ቦታዎች ልትሆን ትችላለች። አንደኛው ላይ ማርሳውያኑ የመጡበት፣ ከሰማይ የወደቀው ሲሊንደር ክዳኑ ገና መከፈቱ ነው። ሌላኛው ላይ ስለሚሆነው ዝም ልበል። ዝም የማይለው ማውጫው ነው፤ የሁለተኛው ክፍል የምዕራፍ ርዕሶች ጉዱን ዝርግፍ አድርገው ይናገራሉ። ማውጫውን ዘላችሁ ጀምሩ።

እትምም ለውጥ ያመጣል። የቻይናዊውን ደራሲ የሊዩ ሲሺንን «ዘ ስሪ ቦዲ ፕሮብሌም» ውሰዱ። በ2014 የወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም የሚጀምረው በቻይና የባህል አብዮት ዘመን ትዕይንት ነው። በቻይንኛው መጽሐፍ ግን ያ ታሪክ ወደ መሀል ገብቶ ነው የተቀመጠው። ሁለት አንባቢዎች «መጀመሪያ ላይ ያለው» እያሉ ስለተለያየ ነገር ሊከራከሩ ይችላሉ።

በጣም ጥሩው አነጋገር ምዕራፉንና ያነበባችሁትን የመጨረሻ ነገር አንድ ላይ መጥራት ነው፦ «ክፍል አንድ፣ ምዕራፍ 4፤ ክዳኑ ወድቆ የሆነ ነገር ብቅ አለ።» ፊልሙን ቀድማችሁ አይታችሁ ከሆነም አትደብቁ። ፊልም ያየ ሰው ግምት ግምት አይባልም።

2. እያነበባችሁ ምልክት አድርጉ

ምዕራፉን ከዘጋችሁ በኋላ ከደቂቃዎች በፊት ያስደነገጣችሁ ነገር ይተናል። ስለዚህ አንድ ቁራጭ ወረቀት መጽሐፉ ውስጥ ይኑር፤ በስልክ ለሚያነብ ደግሞ የስልኩ ማስታወሻ ይበቃል። ሦስት ምልክት በቂ ነው። ላልገባችሁ ነገር የጥያቄ ምልክት፣ ለገረማችሁ ቃለ አጋኖ፣ ለግምት «ግ»። ከጎኑ ምዕራፉንና ሦስት አራት ቃል ጻፉ።

የውሰት መጽሐፍ ላይ ግን በእርሳስ እንኳ አትጻፉ። እኛ ዘንድ አንድ መጽሐፍ በስንት እጅ እንደሚዞር ታውቃላችሁ። ኅዳጉ ላይ «እዚህ ይሞታል!» ብሎ የጻፈ የቀድሞ አንባቢ ያልገጠመው ሰው ካለ ዕድለኛ ነው።

በ«የዓለማት ጦርነት» ቀዳሚ ምዕራፎች ላይ ምልክቱ እንዴት እንደሚሠራ ልናገር። ምዕራፍ 1 ላይ ተራኪው ይህ መዓት የወረደብን ከስድስት ዓመት በፊት ነው ይላል። ሰው ቸኩሎ ያልፋታል ይቺን ዓረፍተ ነገር። እዚህ ላይ «ግ» ይገባል፦ «ተራኪው ተርፏል። ለመጻፍ ጊዜም፣ የሚያነብለት ሰውም አለው።» በአንዲት ዓረፍተ ነገር ዓለም ጠፋች አልጠፋች የሚለው ጥያቄ ወድቆ «እንዴት ተረፉ?» የሚለው ተተካ። ይሄን ለጓደኛችሁ ብትነግሩት ምንም ምስጢር አላወጣችሁም፤ ደራሲው ራሱ ነው የነገራችሁ። ጓደኛችሁ ግን ሳያየው ያለፈ ሊሆን ይችላል፤ ወሬም የሚነሳው ከዚህ ነው።

ምዕራፍ 3 ላይ ደግሞ ቃለ አጋኖ። ከሌላ ዓለም የመጣ ነገር ሜዳ ላይ ወድቆ እየጋለ ነው። ሰው ተሰብስቧል። በአካባቢው ያለ አንድ የጣፋጭ ነጋዴ ልጁን በጋሪ አረንጓዴ ፖምና የዝንጅብል መጠጥ ጭኖ ይልካል! ሕዝብ በተሰበሰበበት ቆሎና ማስቲካ ይዞ የማይደርስ ልጅ አይተን አናውቅምና ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እኔ ከማርሳውያኑ ገዳይ ጨረርም ከማሽናቸውም በላይ መጽሐፉን እውነት ያስመሰለብኝ ያ ጋሪ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካልተመዘገበ ይረሳል። ሲወራ ግን «አሪፍ ነው» ከሚለው ቃል መቶ እጅ ይበልጣል።

3. «አልገባኝም»፣ «አልጣመኝም» እና «አላመንኩም» የሚሉትን ለዩ

ሳይንስ ፊክሽን ላይ የሚሰጥ አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ሰው ግን ሦስቱንም «ደባሪ ነው» በሚል አንድ ቃል ይገላገላቸዋል።

«አልገባኝም» በዚህ ዓይነት መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ጤነኛ ነገር ነው። በ1965 የታተመው የፍራንክ ኸርበርት «ዱን» ከመጀመሪያው ገጽ አንስቶ የማታውቁትን ቃል እያከታተለ ይወረውርባችኋል፤ መጨረሻው ላይ የቃላት መፍቻም አለው። ደራሲው እንደማይገባችሁ ያውቃል። አስቦበት ነው። ስለዚህ የጥያቄ ምልክታችሁን አድርጉና ሁለት ምዕራፍ ታገሡ። መልሱ ከመጣ ሰርዙት። ካልመጣ ያኔ የሚወራ ጉዳይ ሆነ።

በእንግሊዝኛ ለምናነብ ተጨማሪ ጣጣ አለብን። ያላወቅነው ቃል ደራሲው የፈጠረው ነው ወይስ እኛ ያልደረስንበት እንግሊዝኛ? መዝገበ ቃላት ክፈቱ፤ ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ፈጠራ ነው። አሮጌ መጽሐፍ ላይ ግን ሦስተኛ ዕድል አለ። ዌልስ «ሄሊዮግራፍ» የሚል ቃል ይጠቀማል። የማርስ መሣሪያ ይመስላል። ነገሩ ወታደሮች በመስታወት የፀሐይ ብርሃን እያንጸባረቁ የሚላላኩበት የእውነት መሣሪያ ነው። ይሄን ሳያጣሩ «ደራሲው የፈጠረው ሄሊዮግራፍ የሚባል ነገር ደስ ይላል» ማለት ያሳፍራል።

«አልጣመኝም» የራሳችሁ ነው፤ ማንም አይከራከራችሁም። ምክንያቱን ብቻ ጨምሩበት። ሰዎቹ እንደ ሰው አይናገሩም? ገለጻው በዛ? ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ አልጓጓችሁም? «ሦስት ገጽ ሙሉ ሞተር ይገልጻል፣ የተሳፈረው ሰውዬ ግን ስሙ እንኳ አልተነገረኝም» ያለ ሰው ጥሩ አስተያየት ሰጥቷል።

«አላመንኩም» ላይ ትንሽ እንቆይ። ሳይንስ ፊክሽን ሲወራ ጠቡ ሁሉ እዚህ ነው።

ለደራሲው አንድ ነገር በነፃ ስጡት። ማርስ ላይ ፍጡር አለ? ይኑር። በጊዜ መጓዝ ይቻላል? ይቻል። በዚህ ላይ መጣላት ጊዜ ማባከን ነው። ዌልስ ራሱ በ1930ዎቹ ስለ ሥራዎቹ ሲጽፍ የተናገረው ወደዚህ የሚጠጋ ነው፤ አንዱ ተአምር ከገባ በኋላ ለሌሎቹ ተአምራት በሩ መዘጋት አለበት። እናንተ መጠየቅ ያለባችሁ ከዚያ የሚከተለውን ነው። የተፈቀደለት ተአምር አንድ ሆኖ ሳለ ሁለተኛና ሦስተኛ እያስገባ ነው? ራሱ ያወጣውን ሕግ እየጣሰ ነው? «አላመንኩም» የሚያስኬደው ያኔ ነው።

በዚህ ጉዳይ ታላላቆቹም ተናክሰዋል። ፈረንሳዊው የሳይንስ ፊክሽን ደራሲ ጁል ቬርን በ1903 ለጋዜጠኛ ሲናገር እኔ ሰዎቼን ወደ ጨረቃ የምልካቸው በመድፍ ነው፣ ዌልስ ግን ስበትን የሚሽር ብረት ይፈጥራል፣ እስቲ ብረቱን ያሳየኝ የሚል ይዘት ያለው ወቀሳ ሰንዝሯል። ቬርን ሳይንሱን አክባሪ፣ ዌልስ ቀጣፊ ሊመስላችሁ ይችላል። እስቲ የቬርንን መድፍ እናስላው። በ1865 በወጣው መጽሐፉ መድፉ 900 ጫማ ነው፤ ወደ 274 ሜትር። ጥይቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዜሮ ተነስቶ በ274 ሜትር ውስጥ እዚያ ፍጥነት ለመድረስ የሚያስፈልገው ፍጥንጥነት (የፍጥነት ጭማሪ) ከምድር ስበት 20 ሺህ ጊዜ ይበልጣል። 60 ኪሎ የሚመዝን ተሳፋሪ ለዚያች ቅጽበት ከ1 ሺህ ቶን በላይ ይከብዳል ማለት ነው። ቬርን ድንጋጤውን ይቀንስልኝ ብሎ ወለሉ ሥር ውኃ አድርጓል። ውኃው ምንም አያድናቸውም። ነገር ግን መድፉን የተከለው ፍሎሪዳ ነው፤ ተሳፋሪዎቹም ሦስት ናቸው። አፖሎ 11 በ1969 ሦስት ሰው ይዞ ወደ ጨረቃ የተነሳው ከዚያው ከፍሎሪዳ ነው። ስለ አንድ መጽሐፍ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መናገር ይቻላል።

በቅርብ ጊዜ መጻሕፍት ላይም እንዲሁ ነው። የአንዲ ዊር «ዘ ማርሺያን» የሚጀምረው ጠፈርተኞቹን ከማርስ በሚያባርር ኃይለኛ ማዕበል ነው። የማርስ አየር ግፊት ከምድር 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ያን ያህል የሚገፋ ነፋስ ሊኖር አይችልም። ደራሲው ይህን እያወቀ እንዳደረገው ራሱ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ግን ማርስ ላይ ብቻውን የቀረው ጠፈርተኛ የሚኖርበትን ውኃውን፣ አየሩን፣ የድንቹን እርሻ ሁሉ እያሰላ ይሄዳል። ስለዚህ ፍትሐዊው አስተያየት «ማዕበሉን አላመንኩትም፣ ድንቹን አመንኩት» ነው።

ደግሞ መጽሐፉ መቼ እንደተጻፈ አትርሱ። ማሪነር 4 የተባለችው መንኮራኩር ማርስን በቅርብ ፎቶ ያነሳችው በ1965 ነው። በ1897 የተጻፈን መጽሐፍ «ማርስ በረሃ መሆኑን አያውቅም እንዴ?» ብሎ መክሰስ አይገባም።

4. ግምታችሁን በግምትነቱ አውሩ

በመሀል ያለ አንባቢ ካለው ሀብት ሁሉ ትልቁ ግምቱ ነው። ግምት ሲነገር ከነምክንያቱ ይሁን። «ማርሳውያኑ የሚያሸንፉ ይመስለኛል» ብቻውን አይበቃም። «ምዕራፍ 7 ላይ ተራኪው የምድር ስበት ከማርስ ሦስት እጥፍ ስለሆነ ሰውነታቸው ይከብዳቸዋል አለ። እኔ ግን መሣሪያ መሥራት የሚያውቅ ፍጡር የሚሸከመው ነገር አያጣም ብዬ ጠርጥሬያለሁ።» ይሄ ያከራክራል። ስበቱን ፈትሹ ብትሉ ደግሞ የማርስ ስበት ከምድር 38 በመቶ ያህል ነው፤ ልዩነቱ 2.6 እጥፍ ገደማ። ዌልስ ወደ ሦስት ማጠጋጋቱ ይቅር የሚባል ነው።

መጽሐፉን የጨረሰው ጓደኛ እዚህ ላይ ፈተና ይገባል። ሳቅ አይፈቀድለትም። «እህህ… ቆይ ታያለሽ!» ማለትም አይፈቀድለትም። እንዲያውም ከስፖይለር (ያልተነበበውን ታሪክ አስቀድሞ ከመናገር) ሁሉ የከፋው ይሄ ነው፤ ምንም ሳይናገር ግምቱን ይገድለዋል። አንድ አስተማማኝ መልስ አለ፦ «ምን አይተሽ ነው እንደዚያ ያልሽው?» እሱን ብሎ ማዳመጥ ብቻ ነው።

5. አብራችሁ የምታነቡ ከሆነ ማረፊያ ተስማሙ

ይሄ አጭር ነው። ሁለት ሦስት ሆናችሁ የምታነቡ ከሆነ የት ቆማችሁ እንደምታወሩ አስቀድማችሁ ወስኑ። ለ«የዓለማት ጦርነት» የመጀመሪያው ክፍል ምዕራፍ 4፣ 8፣ 12 እና 17 ጥሩ ማረፊያ ናቸው። የቀደመ ይጠብቃል። የዘገየ አይሰደብም።

ይህ አዲስ ፈሊጥ እንዳይመስላችሁ። የመጽሐፉ የመጀመሪያ አንባቢዎች በ1897 ከሚያዝያ እስከ ታኅሣሥ በየወሩ እየቆረጠ ሲሰጣቸው ያነበቡት ናቸው። ወር ሙሉ ከመገመት ሌላ ምን ምርጫ ነበራቸው? «ዘ ማርሺያን»ም መጀመሪያ ምዕራፍ በምዕራፍ በደራሲው ድረ ገጽ ላይ ነበር የሚወጣው። አንባቢዎች በመሀል የሳይንሱን ስህተት እየነገሩት ያርም ነበር። ያልጨረሱት ሰዎች አስተያየት መጽሐፉን አሻሽሎታል።

6. የራሳችሁን ታሪክ ይዛችሁ ግቡ

ማስጠንቀቂያ፦ «የዓለማት ጦርነት»ን እያነበባችሁ ከሆነና ክፍል አንድ ምዕራፍ 15ን ካላለፋችሁ የዚህን ርዕስ የመጨረሻ አንቀጽ ዝለሉ። ማስጠንቀቂያ የሚባለው እንዲህ ነው፤ የመጽሐፉ ስም፣ ክፍሉና ምዕራፉ፣ እስከየት መዝለል እንዳለባችሁ። «ስፖይለር አለው!» ብሎ መጮህ ብቻ ለማን እንደሆነ አይታወቅም።

እንግዲህ፣ አስተያየታችሁ የሌላ አገር ሰው የጻፈው እንዳይመስል። ዌልስ ምዕራፍ 1 ላይ አንባቢውን ይወጋዋል። ማርሳውያኑን ከመውቀሳችን በፊት እኛ አውሮፓውያን በታዝማኒያ (አውስትራሊያ አጠገብ ባለችው ደሴት) ነባር ሰዎች ላይ የፈጸምነውን ፍጅት እናስታውስ ይላል። ይሄን የጻፈው የዓለም ታላቅ ቅኝ ገዢ በሆነችው እንግሊዝ ተቀምጦ ነው። መጽሔቱ ላይ መውጣት የጀመረው ደግሞ ዓድዋ በሆነ በዓመቱ ነው፤ ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ መጽሔቱ ሚያዝያ 1889 ዓ.ም.። ዌልስ ዓድዋን አስቦ ነው የጻፈው እያልኩ አይደለም። ያንን ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ እናንተም እንዳትሉ። እኛ ስናነብ ግን የተሻለ መሣሪያ ይዞ የመጣ ወራሪ የሚለው ነገር ቀልድ አይደለም። የለንደን አንባቢ «እኛ ብንሆንስ?» ብሎ የሚጠይቀውን እኛ ከአያቶቻችን ሰምተነዋል። ይህን መናገር አስተያየት ነው፤ ከዚህ የተሻለም ላይኖራችሁ ይችላል።

ምዕራፍ 15 ላይ ማርሳውያኑ ጥቁር ጭስ ይለቃሉ። ከባድ ነው፤ ወደ ሸለቆውና ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፤ የተነፈሰው ሁሉ ይሞታል። ይህ የተጻፈው የአውሮፓ ጦር ሠራዊቶች በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመርዝ ጋዝ ከመፈጃጀታቸው ወደ ሁለት አሥርት ዓመታት ቀድሞ ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይሄን ምዕራፍ ሲያነብ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ከአውሮፕላን ያወረደው ጋዝ ትዝ ካላለው ይገርመኛል። እኔ ምዕራፉን ካነበብኩ በኋላ መጽሐፉን ለጊዜው ዘግቼ አስቀምጬዋለሁ።

7. መልእክቱን ጻፉ፣ ወይም በድምፅ ላኩት

መጀመሪያ መጥፎውን እንይ፦

«የዓለማት ጦርነትን እያነበብኩ ነው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይደብራል፤ ግን ደህና ነው። ቋንቋው ይከብዳል። በጣም አሪፍ ሐሳብ አለው። አንብቡት።»

ውሸት የለበትም። ግን መጽሐፉን ያልከፈተ ሰውም ሊጽፈው ይችላል። ደግሞም ገና ሳይጨርስ «አንብቡት» ብሎ ትእዛዝ ሰጥቷል። አሁን ሌላውን፦

«ክፍል አንድ፣ ምዕራፍ 7ን ጨረስኩ። እስካሁን ማርሳውያኑ ጉድጓዳቸው ውስጥ ናቸው። እኔን ያስፈራኝ ግን ሰዉ ነው። ያን ሁሉ ሰው ሲሞት በዓይኑ ያየው ተራኪ ቤቱ ገብቶ ራት ላይ ተቀምጦ ሚስቱን «ከጉድጓዱ አይወጡም፣ የምድር ስበት ይከብዳቸዋል» እያለ ያጽናናል። አባባሉ ራሱን የሚያጽናና ሰው ይመስላል። ግምቴ፦ የሚሸከማቸው ማሽን ይሠራሉ። ያልገባኝ፦ ቴሌግራፍ እያለ ለንደን ለምን ዝም አለች? ያልጣመኝ፦ የመንገዱና የመንደሩ ስም በዛ፣ ካርታ ሳልከፍት መከተል አቃተኝ። ከምዕራፍ 7 በላይ የሆነ ነገር እንዳትነግሩኝ።»

ቦታ አለ፣ አንድ የታየ ነገር አለ፣ ግምት አለ፣ ጥያቄ አለ፣ ቅሬታ አለ፣ መጨረሻ ላይ አጥር አለ። ፍርድ የለም። ቅደም ተከተሉን እንደፈለጋችሁ አድርጉት፤ ቦታውና አጥሩ ግን አይቅሩ።

በቅሬታው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ካርታ መክፈት በዚህ መጽሐፍ ያዋጣል። ሲሊንደሩ የወደቀበት ሆርሴል ኮመን ዎኪንግ ከተማ አጠገብ ያለ የእውነት ሜዳ ነው። ዌልስ መጽሐፉን ሲጽፍ የሚኖረው ዎኪንግ ነበር። በብስክሌት እየዞረ ማርሳውያኑ የሚያወድሙትን ቦታ ይመርጥ እንደነበር ራሱ ጽፏል። ጎረቤቶቹን በሐሳቡ እየፈጀ ማለት ነው።

በድምፅ የምትልኩ ከሆነ አሳጥሩት። ረጅም የድምፅ መልእክት ሲመጣ «በኋላ እሰማዋለሁ» ብሎ የማይረሳ የለም።

8. ሳይንስ ፊክሽን ለማይወድ ሰው ስታወሩ

ለእንዲህ ዓይነት ሰው ከማሽኑ አትጀምሩ። ከሰዉ ጀምሩ። የሠፈር ታላቅ ሰው ከእጃችሁ ላይ መጽሐፉን አይተው ጠየቁ እንበል።

«ምንድነው እሱ ደግሞ?»
«ከማርስ መጥተው እንግሊዝን የሚወሩ ፍጡራን ታሪክ ነው፣ ጋሼ።»
«ኧረ ተወኝ! ይሄ የልጆች ተረት አይደል እንዴ? ማርስ ላይ ማን አለና!»
«ማንም የለም። ማርሱን ይተውትና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከተማው በሙሉ በአንድ ቀን ሽሽት ቢነሳ ሰዉ መጀመሪያ ምን የሚይዝ ይመስልዎታል?»
«ልጁን ነዋ። አንዳንዱ ደግሞ ገንዘቡን።»
«እዚህ ላይ አንዱ ቦርሳው ተቀዶ የወርቅ ሳንቲሙ መንገድ ላይ ፈሰሰበት። ሠረገላ እየመጣበት ጎንበስ ብሎ ይለቅማል።»
«ወይ ጉድ! ተረፈ?»

አሁን ጋሼ ገብተዋል። እዚህ ላይ አቁሙና መጽሐፉን ስታበቁ እንደምታውሷቸው ንገሯቸው። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው ከሆነ ምዕራፉን ጠቅላችሁ በአማርኛ ተርኩላቸው፤ ዌልስ ለመተረክ የሚመች ደራሲ ነው። ታሪኩን እንጂ ስለ ጨረር ማብራሪያውን አትተርጉሙ።

9. ብታቆሙት፣ ብትጨርሱት

መጽሐፍ ማቆም ነውር የለበትም። «ምዕራፍ 10 ላይ አቆምኩት፤ የሚሆነውን ለማወቅ ሳልጓጓ ሁለት ሳምንት አለፈኝ» ማለት ሙሉ አስተያየት ነው። ያላነበባችሁትን ቀሪ ክፍል ግን አትተቹ። ያቆማችሁት መጽሐፍ ላይ «መጨረሻው ቀሽም ነው» ማለት ዓይን አውጣነት ነው።

ከጨረሳችሁ ወረቀታችሁን አውጡ። «ግ» ያላችሁበትን አንድ በአንድ እዩት፤ የያዘውን፣ የሳተውን ምልክት አድርጉ። ለጓደኛችሁ የምትነግሩት የመጨረሻ አስተያየት ከዚህ ይጀምር፦ «ምዕራፍ 7 ላይ እንዲህ ብዬሽ ነበር፤ ሐሳቤን ያስቀየረኝ እንዲህ የሚለው ቦታ ነው።» ኮከብ መስጠት ካማራችሁም አሁን ስጡ።

ጓደኛችሁ ገና ምዕራፍ 9 ላይ ከሆነች ግን ወረቀቱን ኪሳችሁ ከታችሁ ሌላ መጽሐፍ ጀምሩ።